የደስታ ዱቤ፤ የጫት ቅጠል ከይፋት እስከ ጄኔቭ

ሐረር የገባሁት በ1984 ዓ.ም. መስከረም ላይ ነው። ዕድሜዬ ሃያ ሦስት፣ ሥራዬ የታሪክ መምህርነት፣ ንብረቴም አንድ ሻንጣና አንድ ካርቶን መጻሕፍት ነበር። ቤት ያከራዩኝን ሽማግሌ ሰፈሩ ሁሉ «ሐጂ» ይላቸው ስለነበር እኔም እንደዚያው ብዬ ልቀጥል። ሐጂ በጀጎል ግንብ ውስጥ ትንሽ ሱቅ ነበረቻቸው። ስኳር፣ ሻይ ቅጠል፣ ሳሙናና ላምባ ይሸጡባታል። ከሚዛኑ ጎን ጠርዙ የተበላ ደብተር አይጠፋም፤ የዱቤ ደብተር ነው። የሰፈሩ ሰው ገመና ሁሉ እዚያ ላይ ተጽፏል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከዙሁር ሶላት በኋላ ሐጂ ሱቁን ለልጃቸው ይተዉና ወደ ቤት ይገባሉ። በሐረሪዎች ቤት ወግ ከፍ ተደርጎ በተሠራው መደብ ላይ፣ እነሱ ነደባ በሚሉት፣ ትራሳቸውን ተደግፈው ይቀመጣሉ። አንዲት እስር ጫት ይፈቱና ለጋ ለጋውን ጫፍ እየቀነጠሱ ይቅማሉ። ዱዓ ያደርጋሉ፤ ቁርዓን ይቀራሉ፤ እንግዳ ካለ ያጫውታሉ። የዐስር አዛን ሲሰማ አፋቸውን ተጉመጥምጠው ይነሳሉ። በቃ። የቀረው ገረባ ለፍየል ነው። አብሬያቸው በኖርኩባቸው ሁለት ዓመታት አንድም ቀን ከዚያ ሲያልፉ አላየሁም።

በሦስተኛው ሳምንት ይመስለኛል፣ እኔንም ጋበዙኝ። መጀመሪያ ምሬቱ ብቻ ነበር። ቆየት ብሎ ግን ውስጤ ሞቅ አለ። ከወትሮው ቁጥብነቴ ወጥቼ ስለ ግራኝ አሕመድና ስለ ዐፄ ልብነ ድንግል ያለማቋረጥ ማውራት ጀመርኩ። ዓለም የቀለለች፣ ሰው ሁሉ ወዳጅ የሆነ፣ ያሰብኩትን መጽሐፍ ሁሉ በሳምንት የምጨርስ መሰለኝ። ሐጂ ፈገግ ብለው ሰሙኝና ቅጠሉን ከፊቴ ገለል አደረጉት።

«ለዛሬ ይበቃሃል ልጄ። ይህ ቅጠል አበዳሪ እንጂ ሰጪ አይደለም። እኔ ደግሞ ዱቤ አውቃለሁ» አሉኝ።

ያን ጊዜ ነገሩን የሽማግሌ ጨዋታ አድርጌ አለፍኩት። ሐጂ የተናገሩት ነገር ኬሚስቶች በብልቃጥና በሚዛን ከደረሱበት ጋር አንድ መሆኑን የተረዳሁት ብዙ ቆይቼ፣ ዋጋም ከፍዬበት ነው። ይህችን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሳሳኝም ይኸው ነው። (ከዚህ በታች «ዓ.ም.» ተብሎ ካልተለየ በስተቀር ዓመተ ምሕረቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ከንጉሥ ፉከራ እስከ ንጉሥ ቀልድ

ስለ ጫት የተጻፈ ጥንታዊ ማስረጃ ለመፈለግ ሩቅ አገር መሄድ አያሻም። ስለ ዐፄ ዐምደ ጽዮን (1314–1344) ዘመቻ የሚተርከው የግእዝ ዜና መዋዕል የይፋቱን ገዥ የሰብረዲንን ዛቻ መዝግቦልናል። ሰብረዲን ንጉሡን ድል ነስቶ አብያተ ክርስቲያናቱን መስጊድ እንደሚያደርግ፣ በንጉሡ ከተማ በመራዴ እንደሚቀመጥ፣ በዚያም ጫት እንደሚተክል ይዝታል። ምክንያቱም ሙስሊሞች ይህን ተክል ስለሚወዱት መሆኑ አብሮ ተጠቅሷል።

እዚህ ላይ ልብ ማለት የሚገባን ነገር አለ። አንድ መስፍን «ከተማህን እይዛለሁ» ለማለት «ጫት እተክልበታለሁ» ካለ፣ ቅጠሉ በዚያ ዘመን የአንድ ሕዝብ መታወቂያ ለመሆን በቅቶ ነበር ማለት ነው። መታወቂያ ደግሞ በአንድ ጀንበር አይገኝም። ስለዚህ ጫት በይፋትና በአካባቢው ከ14ኛው ክፍለ ዘመን በፊት ረጅም ዕድሜ እንደነበረው መገመት ስሕተት አይሆንም።

በዚያው ክፍለ ዘመን አል ዑመሪ የተባለው ዐረብ ጸሐፊ ከሐበሻ ሙስሊሞች የሄዱ ሰዎች ያወሩለትን ሲጽፍ ስለዚሁ ተክል ያነሳል። ቅጠሉ ሰውን ደስ እንደሚያሰኝ፣ የማስታወስ ችሎታን እንደሚረዳ፣ የመብል፣ የእንቅልፍና የሩካቤ ፍላጎትን ግን እንደሚቀንስ፣ በተለይም ዕውቀት ፈላጊዎች እንደሚያዘወትሩት ይነግረናል። ይህ ዝርዝር ከስድስት መቶ ሰባ ዓመት በፊት የተጻፈ ነው። ዛሬ በሕክምና መጻሕፍት ውስጥ የሚገኘው መግለጫ ብዙም የሚጨምርበት የለም።

አል ዑመሪ አንድ ጨዋታም ያቆየናል። ቅጠሉ ወደ የመኑ ንጉሥ ወደ አል ሙአየድ ዳውድ (1296–1321) ዘንድ ይቀርባል። ንጉሡም ጠባዩን ይጠይቃል። የመብልን፣ የእንቅልፍንና የሴትን ፍላጎት እንደሚያጠፋ ይነገረዋል። ንጉሡ ይገረማል። የዚህ ዓለም ደስታ እነዚህ ሦስቱ አይደሉምን? እኔ ገንዘቤን የማፈሰው ለነዚህ ሆኖ ሳለ እነሱን የሚነጥቀኝን ነገር ለምን እቀምሳለሁ? ሲል አልነካም ብሎ መለሰው ይባላል። የመን በኋላ የጫት አገር መሆኗን ለሚያውቅ አንባቢ ይህ ቀልድ ሁለት ጊዜ ያስቃል።

ንጉሡ ያልፈለገውን ግን ሱፊዎቹ ፈለጉት። ሌሊቱን በዚክር ለሚያሳልፍ ሰው እንቅልፍና ረኃብ ጠላቶቹ ናቸው። ቡናም ጫትም በቀይ ባሕር ወዲያና ወዲህ ክብር ያገኙት በዚህ አገልግሎት ነው። በሐረር የሰማሁት አፈ ታሪክም ይህንኑ ይመሰክራል። ሁለት ወልዮች ሌሊቱን ሙሉ ሊጸልዩ ተነስተው እንቅልፍ ቢያሸንፋቸው አለቀሱ፤ መልአክም መጥቶ ይህችን ቅጠል አሳያቸው ይባላል። ከዚያም ሕዝቡ ለድካም፣ ለረኃብ፣ ለሳልና ለአስም መድኃኒት አደረጋት። ለከፋውም ሰው እንዲሁ፤ ሐዘን የገባው ሰው ከወዳጆቹ ጋር ተቀምጦ ቢቅም ይቀለዋል የሚለው እምነት የቆየ ነው።

ሁሉም ግን በአንድ ቃል አልተስማማም። በ16ኛው ክፍለ ዘመን በመካ የኖረው ሊቅ ኢብን ሐጀር አል ሀይተሚ በዚህ ጉዳይ ራሱን የቻለ ጽሑፍ አዘጋጅቷል። ቅጠሉ ለጸሎት ይረዳል የሚሉም፣ አእምሮ ይነካል የሚሉም ነበሩ። ሊቁ ደፍሮ ሐራም ነው አላለም፤ መራቁ ይሻላል ብሎ ግን መክሯል። ክርክሩ ዛሬም ያው መሆኑ አያስገርምም?

የ1887 ገጠመኝ

ቅጠሉን ለአውሮፓ ሳይንስ ያስተዋወቀው ሰው ውለታውን ሳያይ ሞተ። የሊኔየስ ተማሪ የነበረው ፔተር ፎርስኮል በዴንማርክ ንጉሥ ከተላከው የዐረቢያ ጉዞ ጋር ሄዶ በየመን ተክሎችን ሲሰበስብ ሐምሌ 1763 ላይ ታሞ አረፈ። ማስታወሻውን ከሞት የተረፈው የጉዞ ባልደረባው ካርስተን ኒቡር በ1775 አሳተመለት። ጫት «ካታ ኤዱሊስ» የሚለውን የሳይንስ ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው።

ወደ ሐረር የመጣው ፈረንጅ ደግሞ እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን ነበር። በጥር 1855 ለዐሥር ቀን ያህል በጀጎል ውስጥ ሰንብቶ ከከተማዋ ሊቃውንት ጋር ተቀምጦ ሲቃም አይቷል። በሚቀጥለው ዓመት ባሳተመው መጽሐፉም የበርጫውን ሥርዓት ጽፎታል። ዱዓው፣ ለጋ ቅጠሉ፣ የውሃው ዋንጫ ሁሉ ከሐጂ ቤት የሚለይ አይደለም።

ከዚያ 1887 መጣ። የታሪክ መምህር ስለሆንኩ ይሆናል፣ ይህን ዓመት ሳስብ ሁልጊዜ ይገርመኛል። በዚያ ዓመት መግቢያ ላይ፣ በእኛ በ1879 ዓ.ም.፣ ምኒልክ በጨለንቆ ጦርነት አሸንፈው ሐረርን ያዙ። በዚያው ዓመት ፍሉኪገርና ጌሮክ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በስትራስቡርግ የጫት ቅጠልን መርምረው አንድ አልካሎይድ አገኙበት፤ «ካቲን» አሉት። አሁንም በዚያው ዓመት በበርሊን የሚማር ላዛር ኤደሌያኑ የተባለ ሩማንያዊ ኬሚስት በኋላ አምፌታሚን የተባለውን ቅመም ለመጀመሪያ ጊዜ ሠራ። ሦስቱ ድርጊቶች አይተዋወቁም። ጫት የሚበቅልበት አገር፣ በጫት ውስጥ ያለው ቅመምና የዚያ ቅመም የፋብሪካ ዘመድ ግን በአንድ ዓመት ታሪክ ውስጥ ገቡ።

አልካሎይድ የሚባሉት ናይትሮጅን ያለባቸው፣ ብዙውን ጊዜ መራራ የሆኑ የተክል ቅመሞች ናቸው። የቡናው ካፌይን፣ የትምባሆው ኒኮቲን፣ የኦፒየሙ ሞርፊን ከዚሁ ወገን ናቸው። ተክሎቹ በአመዛኙ ተባይንና በላተኛን ለመከላከል እንደሚያዘጋጇቸው ይታመናል። የሰው ልጅ ግን ለነፍሳት መርዝ የተዘጋጀውን ነገር ለራሱ ጠባይ ማደሻ አደረገው።

የኤደሌያኑ ግኝት አርባ ዓመት ያህል ተረስቶ ቆየ። በ1929 ጎርደን አለስ የተባለ አሜሪካዊ ቅመሙን በራሱ ላይ ሞክሮ የደስታና የንቃት ስሜት እንደሚሰጥ ጻፈ። በማግሥቱ ዓመት፣ በ1930፣ ቮልፈስ የተባለ ጀርመናዊ ኬሚስት የጫት ካቲን ምን እንደሆነ አወቀ፤ ቻይናዎች ለአስም ከሚጠቀሙበት ማ ኹዋንግ ከተባለው ተክል ቅመም ጋር የቅርብ ዘመድ ሆኖ ተገኘ። ነገሩ ያለቀ መሰለ።

ነገር ግን ሒሳቡ አልሞላም። ካቲን ደካማ ነው። በአንድ እስር ጫት ውስጥ ያለው መጠን ያንን ሁሉ ጨዋታ፣ ያንን ሁሉ ምርቃና ሊያመጣ አይችልም። ቃሚዎች ደግሞ ኬሚስቶቹ ያልጠየቁትን አንድ ነገር ያውቁ ነበር፤ ጫት ከተቀጠፈ በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ ካልተቃመ ዋጋ የለውም። ወደ አውሮፓ ላቦራቶሪዎች ይደርስ የነበረው ግን የደረቀ ቅጠል ነው። ኬሚስቶቹ ገረባ ሲመረምሩ ኖረዋል ብል ይቅር ይሉኛል።

መልሱ የተገኘው በ1975 በጄኔቭ፣ በተባበሩት መንግሥታት የናርኮቲክ ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። ትኩስ ቅጠል ተመርምሮ «ካቲኖን» የተባለ ሌላ አልካሎይድ ወጣ። ካቲኖን በለጋው ጫፍ ላይ ይበዛል። ቅጠሉ ሲጠወልግና ሲደርቅ ግን እየፈረሰ ወደ ደካማው ካቲን ይለወጣል። አንባቢ ሆይ፣ ጫቱ በሙዝ ቅጠል የሚጠቀለለው፣ ውሃ የሚረጭበት፣ ከአወዳይ የሚነሳው መኪና ነፍስ ይማር በሚያሰኝ ፍጥነት የሚከንፈው ለምን እንደሆነ ከዚህ ይገባሃል። ሹፌሩን የሚያስቸኩለው ኬሚስትሪ ነው። ባቡሩ በ1902 ድሬዳዋ ሲደርስ፣ ኋላም በ1950ዎቹ አውሮፕላን ከድሬዳዋ ወደ ኤደን ጫት ጭኖ ሲመላለስ፣ ከሰዓት ጋር የተያዘው እሽቅድምድም ይኸው ነበር።

ቅጠሉ በውስጣችን ምን ይሠራል?

በ1980ዎቹ መጀመሪያ በጄኔቭ ዩኒቨርሲቲ ይሠራ የነበረው ፒተር ካሊክስ ካቲኖን በጥንቸል አንጎል ላይ የሚያደርገውን መረመረ። የነርቭ ሴሎቻችን እርስ በርስ የሚነጋገሩት መልእክተኛ ቅመሞችን እየላኩ ነው። ከነዚህ አንዱ ዶፓሚን ነው፤ ከፍላጎት፣ ከትጋትና ከደስታ ጋር የተያያዘ። ነርቭ ዶፓሚንን አምርቶ በትንንሽ ከረጢቶች ያከማቻል፤ ሲያስፈልግ ጥቂት ጥቂት ይለቅና መልሶ ይሰበስበዋል። ካቲኖን ወደ ነርቩ ጫፍ ሲደርስ ልክ እንደ አምፌታሚን በጎተራው ያለው እንዲፈስ ያደርጋል፤ የፈሰሰውም ቶሎ እንዳይሰበሰብ መንገዱን ይዘጋል።

እንግዲህ ነገሩን አስተውሉ። ቅጠሉ ደስታን ይዞ አልመጣም። በጎተራችን የነበረውን፣ ለነገና ለከነገ ወዲያ የተቀመጠውን ዛሬ አወጣልን እንጂ። ሐጂ «አበዳሪ» ማለታቸው በዚህ በኩል ሲታይ ለጋስ አባባል ነበር። የሚያበድረን የራሳችንን ገንዘብ ነው!

የጊዜውም ስሌት ይገርማል። ካቲኖን ሲታኘክ ገና በአፍ ውስጥ መስረግ ይጀምርና በደም ውስጥ ከፍተኛው ደረጃ ላይ የሚደርሰው በሁለት ሰዓት ገደማ ነው። ከዚያ ቶሎ ይወርዳል። ካቲን ግን ቀስ ብሎ ነው የሚወጣው። ስለዚህ ደስታው ሄዶ ንቃቱ ብቻ ይቀራል። ቃሚ ሁሉ ያንን ሰዓት ያውቀዋል። ቤቱ ዝም ይላል። ቅድም አገር ያቀና የነበረው ሰው ግድግዳ ያያል። የመኖች ይህን የጸጥታ ጊዜ «የሱለይማን ሰዓት» ይሉታል። ጸጥታው ለጥቂቱ ጥሩ ማሰላሰያ ነው፤ ለብዙው ግን የድብርት በር ነው። ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ይላል። ጎህ ሲቀድ የሚመጣው እንቅልፍም ዱካክ ይበዛበታል። በማግሥቱ ሐራራው፣ ብስጭቱ፣ ምንም አለመፈለጉ ይከተላል። ይህን ለማብረድ ደግሞ በከተሞቻችን ጨብሲ የሚባል መጠጥ ተጨመረበት። አንዱን ዱቤ በሌላ ዱቤ መክፈል ማለት ይህ ነው።

አሁን ሐጂን አስቧቸው። ከቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ይጀምራሉ፤ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ገደማ ዐስር ሲደርስ ያበቃሉ። ምርቃናው ከፍ ብሎ ሳይወድቅ ለሶላት ይነሳሉ፤ ከዚያ በእግራቸው ወደ ሱቅ። ማታ ከኢሻ በኋላ ይተኛሉ። የጄኔቮቹን ሰዓት ያስተማራቸው የለም። አያቶቻቸው ግን በብዙ ሰው ሕይወት ላይ ሞክረው ያገኙት ልክ ነበር። መድኃኒቱ ቅጠሉ ብቻ ሳይሆን ልኩና ሥርዓቱም ጭምር ነበር ለማለት እደፍራለሁ።

ከሕንድ የመጣ ተቃራኒ ምስክር

የአንድ ተክል ቅመም ጠባይን ማንሳት ከቻለ ሌላው መጣል ይችላል? በዚህ ረገድ ከሕንድ የተገኘው ታሪክ ተቃራኒውን ፊት ያሳየናል። ሰርፓጋንዳ የሚባል ሥር በአዩርቬዳ ሐኪሞች ዘንድ ለእብደትና ለእንቅልፍ ማጣት ሲሰጥ ኖሯል። በ1931 ሴንና ቦስ የተባሉ ሁለት ሕንዳውያን ሐኪሞች ሥሩ የደም ግፊትንም እንደሚቀንስ ጻፉ። በ1949 የቦምቤይ የልብ ሐኪም ሩስቶም ቫኪል በእንግሊዝ የልብ ሕክምና መጽሔት ላይ ስለዚሁ ሲጽፍ ዓለም ሰማ። በ1952 በስዊዘርላንድ የሲባ ኩባንያ ተመራማሪዎች ሬሰርፒን የተባለውን አልካሎይድ ለይተው አወጡ።

ሬሰርፒን የተጨነቀውን አረጋጋ፤ ግፊቱንም አወረደ። ነገር ግን ለደም ግፊት ከሚወስዱት ሰዎች አንዳንዶቹ ያለ ምክንያት በከባድ ትካዜ ተያዙ ተብሎ ተጻፈ። በ1957 ስዊድናዊው አርቪድ ካርልሰን ሬሰርፒን የተሰጣቸውና ደንዝዘው የተኙ ጥንቸሎችን የዶፓሚን መሥሪያ የሆነ ቅመም ወግቶ አስነሳቸው። ለካስ የሕንዱ ሥር የሚሠራው የነርቭን ጎተራ ባዶ በማስቀረት ነበር። ካርልሰን ለዚህና ለተከታዩ ሥራው በ2000 የኖቤል ሽልማት አገኘ። የኋላ ተመራማሪዎች ትካዜ የጎተራ መጉደል ብቻ እንዳልሆነ፣ በሬሰርፒን ላይ የቀረበው ክስም የተጋነነ እንደነበር አሳይተዋል። ቢሆንም ጠባያችን ሥጋዊ ሒሳብ እንዳለው ዓለም የተማረው ከእንዲህ ያሉት የባላገር መድኃኒቶች ነው።

ሌላም አስገራሚ ነገር አለ። ዛሬ ለድብርት ሕመም ከሚታዘዙት መድኃኒቶች አንዱ የሆነው ቡፕሮፒዮን በአሠራሩ የካቲኖን ቤተሰብ ነው። በአሜሪካ በ1985 ተፈቀደ፤ የሚጥል በሽታ ያመጣል ተብሎ ወዲያው ታገደ፤ በ1989 መጠኑ ተቀንሶ ተመለሰ። ያንኑ መድኃኒት ከመርዝነት ወደ ፈዋሽነት የመለሰው የመጠን ነገር ነው። ሐጂ ቅጠሉን ከፊቴ ገለል ሲያደርጉ የሠሩት ሥራ ከዚህ ይለያል?

ሕግና ቃሚ

መንግሥታት ከዚህ ቅጠል ጋር ያላቸው ጠብ ረጅም ነው። እንግሊዞች በ1957 በኤደን ከለከሉት፤ በማግሥቱ ዓመት ተዉት። ሲያድ ባሬ በ1983 በሶማሊያ አገደው፤ እገዳው ከመንግሥቱ ቀድሞ ሞተ። ካቲኖን ራሱ በ1980ዎቹ በዓለም አቀፍ ስምምነት በጥብቅ ከተከለከሉት ቅመሞች ተርታ ገባ፤ ቅጠሉ ግን አልገባም። የዓለም የጤና ድርጅት ጠበብት በ2006 ቅጠሉ በዓለም አቀፍ ቁጥጥር ሥር ይግባ የሚል አሳብ አላቀረቡም። ኔዘርላንድ በ2013፣ ብሪታንያም በሰኔ 2014 አገዱት። የብሪታንያው መንግሥት ይህን ያደረገው የራሱ አማካሪ ምክር ቤት አያስፈልግም ካለው በኋላ ነው። በለንደን በአንድ ወቅት በግልጽ ይሸጥ የነበረውን ቅጠል በስደት ያሉ ወገኖቻችን ዛሬ ይዘው ቢገኙ ወንጀል ነው።

በእኛ አገር ደግሞ ታሪኩ ተቃራኒውን መንገድ ሄደ። አማረ ጌታሁንና ክሪኮሪያን በ1973 ባሳተሙት ጽሑፍ ጫትን «የሐረሩ የቡና ተፎካካሪ» ብለውት ነበር፤ ትንቢት ሆነ። በክርስቲያኑ ደጋ ነውር የነበረው ቅጠል ወደ ባሕር ዳር ዘለቀ፤ የገለምሶ፣ የበለጬ፣ የወንዶ እየተባለ በየሰፈሩ ተሰቀለ። እነ ፕሮፌሰር አታላይ ዓለም በቡታጅራ አሥር ሺህ አራት መቶ ስልሳ ስምንት ሰዎች ጠይቀው በ1999 ባወጡት ጥናት ግማሾቹ ይቅሙ ነበር። ከቃሚዎቹም ሰማንያ በመቶው ለጸሎት እንዲረዳን ነው ብለዋል። የወልዮቹ አፈ ታሪክ በቡታጅራ ሕያው ነበር ማለት ነው። በአዲስ አበባ በርጫ ቤቶች ግን አዛን የሚጠብቅ፣ «ለዛሬ ይበቃሃል» የሚል ሐጂ የለም። ልኩ ቀርቶ ቅጠሉ ብቻ መጣ።

ያልተከፈለ ዕዳ

የራሴን ዕዳ ሳልናገር ብጨርስ አንባቢን ማታለል ይሆንብኛል። አብሮኝ የሚያስተምር አንድ ወዳጅ ነበረኝ። የአማርኛ መምህር ነው፤ ልብ ወለድ ይጽፋል። ሲበዛ ዝምተኛና አንገቱን የሚደፋ ሰው ነበር። ከሐጂ ቤት የተማርኩትን ምርቃና ይዤለት የሄድኩት እኔ ነኝ። «ሞክረው፣ ብዕርህ ይፈታል» አልኩት። ተፈታም። አንድ ሌሊት አርባ ገጽ ጻፈ። በማግሥቱ ስናነበው አብዛኛው የሚያስቅ ነበር፤ ሦስቱ ገጽ ግን ግሩም ሆኖ ተገኘ። ለሦስቱ ገጽ ብለን ቀጠልን።

እኔ ለአመሌ ሰነፍ ነኝ፤ ቅዳሜና እሑድ ብቻ ነበር የምቅመው። የሰኞ ጠዋት ጨለማዬን ግን አልረሳውም። ክፍል ገብቼ ስለ ዓድዋ ሳስተምር ቃላቱ ከአፌ እንደ ደረቅ ቆሎ ይወጡ ነበር። የሚገርመው ትካዜውን የራሴ ኑሮ አድርጌ መውሰዴ ነው። ደመወዜን፣ ያላገባኋትን ልጅ፣ የአገሩን ፖለቲካ ሁሉ ተጠያቂ አደረግሁ። ከቅጠሉ የመጣ ይሆን ብዬ አንድ ቀን አልጠየቅሁም። ደስታውን የቅጠሉ፣ ሐዘኑን የእኔ አድርጌ ነበር የያዝኩት።

ወዳጄ በየቀኑ ወደ መቃም ገባ፤ ከዚያም ጠዋት ሳይነሳ በፊት። በሁለተኛው ዓመት ጎረቤቶቹ በግድግዳ በኩል እንደሚያሙት ይነግረኝ ጀመር። ስቄ አለፍኩት። ኋላ ድምፃቸውን ይሰማ እንደነበር፣ ምግቡ ውስጥ የሆነ ነገር ጨምረዋል ብሎ መብላት እንዳቆመ አወቅሁ። ከመጠን ያለፈ መቃም በአንዳንድ ሰው ላይ እንዲህ ያለ የአእምሮ ሕመም እንደሚያመጣ ሐኪሞች ጽፈዋል፤ እኔ ግን ያኔ አላነበብኩም። ወንድሙ መጥቶ ወሰደው። ጫት ሲያቆም ከጥቂት ሳምንት በኋላ ድምፆቹ ጠፉ፤ ተረፈ። ማስተማሩን ግን አልተመለሰበትም። ልብ ወለዱም እዚያው ቀረ።

ለሐጂ ሄጄ ነገርኳቸው፤ እንዲያጽናኑኝም ጠብቄ ነበር። ሱቅ ውስጥ ነበሩ። የዱቤውን ደብተር ዘጉና ብዙ ዝም ብለው ቆዩ።

«እኔ የሰው ዕዳ ሲበዛ ካሁን በኋላ አልሰጥም እላለሁ፤ እጣላለሁ፤ ሱቄን እዘጋለሁ። ቅጠል ግን ሱቅ አይዘጋም ልጄ። የሚዘጋለት ሰው ያስፈልገዋል። አንተ ስትወስድለት ያንን ነበር ልትነግረው የሚገባህ» አሉኝ። ሌላ አልተናገሩም። ዐስር ደርሶ ስለነበር ተነስተው ሄዱ።

ሐጂ ካረፉ ብዙ ዓመት ሆነ። ወዳጄ አሁን በአንዲት የክፍለ ሀገር ከተማ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ አለው፤ ልጆች አሳድጓል። አንዳንዴ ስልክ እንደዋወላለን። ስለዚያ ዘመን አናነሳም። ይህን ጽሑፍ ከማሳተሜ በፊት ግን አነበብኩለት። ጨርሶ ሰማኝና ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ።

«ሦስቱን ገጽ አስቀምጠሃቸዋል?» አለኝ።

አስቀምጫቸዋለሁ። በፖስታ እልክልሃለሁ አልኩት።